ኢሊዮስቶሚ ከተሠራ በኋላ ከረጢቱ በውሃ መሰል ፈሳሽ ይሞላል፤ ውሃ ቢጠጡም ጥማቱ አልቆረጠም

ጥያቄ፦
አባቴ አንጀታቸው ተቆርጦ የቀጭን አንጀታቸው ጫፍ በሆዳቸው በኩል ወጥቷል (ኢሊዮስቶሚ)። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ወደ ከረጢቱ የሚወርደው ቀጭን ነው፣ በቀን 2 ሊትር ያህል። ውሃ በብዛት እየጠጡ አፋቸው ይደርቃል፣ ሲነሡ ያዞራቸዋል፣ ሌሊት እግራቸውን ያሸማቅቃቸዋል። ከረጢቱ ስለሚያፈስ በዙሪያው ያለው ቆዳም ተልጧል። ምን ይደረግ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦
ዛሬውኑ ለሠራቸው ሐኪም ይንገሩ። በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ ከወጣ ብዙ ነው፤ ማዞሩ ከተጨመረበት ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። በደማቸው ያለው ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) ይመርመር። ማግኒዥየምም አይረሳ፤ የእግሩ መሸማቀቅ ብዙ ጊዜ ከእሱ ማነስ ይመጣል።

ውሃው ነገሩን እያባሰው ነው። ጨው የሌለው ፈሳሽ ቀጭን አንጀት ውስጥ ሲገባ አንጀቱ ከደም ጨው ስቦ ወደ ውስጡ ያፈሳል፣ ውሃውም ጨዉን ተከትሎ ይወጣል። ይህን መልሶ የሚመጥ ትልቅ አንጀት አሁን መንገድ ላይ የለም። ስለዚህ ውሃ፣ ሻይ፣ ጭማቂ ሁሉም ተደምሮ በቀን ከ1 ሊትር አይለፍ፤ ለአንዳንዱ ሰው ሐኪም 500 ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈቅዳል። ቀሪው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይሁን። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 20 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም!) በሚዛን ለክተው ይበጥብጡ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ሌላ አባል፦
ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት ቢያበዙ አይጠጥርላቸውም?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦
አሁን አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት አንጀቱ ገና እብጠቱ ስላልጎደለ የቃጫ ምግብ መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ሊዘጋው ይችላል። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ ያወፍሩታል። መጠጥ ከምግብ ጋር አይሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ።

ጠያቂ፦
ሎፔራማይድ (የተቅማጥ ማስታገሻ) ታዞላቸዋል። ግን እንክብሉ እንዳለ ከረጢቱ ውስጥ ይገኛል።

ፋርማሲስት፦
ሳይሟሟ እያለፈ ነው። ሽፋኑን ከፍተው ዱቄቱን በትንሽ ምግብ ይስጧቸው። ዋናው ሰዓቱ ነው፤ አንጀቱን የሚያዘገየው ምግቡ ሳይደርስ ስለሆነ ከዋናው ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይወሰድ። የተለመደው ጣሪያ በቀን 16 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታዘዘው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው፣ ልብ ምት ያዛባልና። ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ወይም ደም ካለ አይሰጥ።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒትም ያሳዩ። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ኪኒኖች ሳይሠሩ ሊወጡ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ካለ ደግሞ ፈሳሽ ባነሰበት ሰዓት ኩላሊትን ስለሚጎዳ ይቆም እንደሆነ ሐኪሙን ዛሬ ይጠይቁ።

የስቶማ ነርስ፦
ስለ ቆዳው፦ የሚወርደው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፤ ሥጋንም ይፈጫል። በአብዛኛው ጥፋቱ በከረጢቱ ማጣበቂያ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ስፋት ነው። ስቶማው (በሆድ ላይ የወጣው የአንጀት አፍ) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሟሽሽ በፊት በልኩ የተቆረጠው ቀዳዳ ይሰፋበታል። በየሳምንቱ እንደገና ይለኩና ከስቶማው ዙሪያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተው ይቁረጡ። የሚቀየረው ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ነው፣ ያኔ ፈሳሹ ይቀንሳል። በለብታ ውሃ ብቻ ይጠቡ፤ ቅባትና ቅባት ያለው ሳሙና ማጣበቂያውን ያላቅቃል። ያዠው ቦታ ላይ የስቶማ ዱቄት ነስንሰው ትርፉን ያራግፉ። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ ከከበደ ራሱን ይነቅላል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ድንገት ቢቆምስ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦
ለ4 እስከ 6 ሰዓታት ያህል ምንም ሳይወርድ ሆድ ከቆረጠ፣ ከተነፋ ወይም ካስመለሳቸው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምግብ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። የሚያስቀምጥ (ሆድ የሚያላላ) መድኃኒት በፍጹም አይስጡ። ስቶማው ከቀይነት ወደ ጥቁር ከተለወጠ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ አንዱ ባት ካበጠ፣ ሽንት በቀን ከግማሽ ሊትር ካነሰም እንዲሁ። ሲሄዱ የጠጡትን፣ በከረጢት የወጣውንና ሽንቱን በሚሊ ሊትር የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።