አጥንት ለገባ የፕሮስቴት ካንሰር በመርፌ የሚሰጥ ጨረር፣ ቤት ያሸጣል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ፕሮስቴት ካንሰር ከተባለ ሁለት ዓመት አለፈው። የሆርሞን መርፌውን በየሦስት ወሩ እየተወጋ ደህና ነበር፤ አሁን ግን ፒኤስኤው (በደም ምርመራ የሚታየው የፕሮስቴት ምልክት) እንደገና ወጣ፣ ወገቡና ዳሌው አጥንት ላይም ታየ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። እዚህ ጨረር አዘውለታል። አሜሪካ ያለው አጎቴ ደግሞ ደውሎ "በደም ስር የሚሰጥ ጨረር አለ፣ ካንሰሩን ፈልጎ ነው የሚመታው፣ ያንን የማሽኑን ተዉትና ውጭ ውሰዱት" አለ። ወንድሜ ሳቢያን ያለችውን ቤት እንሽጥ ይላል። አባዬ "ለመርፌ ቤት?" ብሎ ይስቃል፣ ሲስቅም ወገቡን ይዞ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ አቦ።

የጀጎል ነርስ፦
አላህ አፊያ ያድርጋቸው። አጎትህ አልዋሸም፣ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ቀላቅሎባችኋል። የታዘዘላቸው በማሽን ከውጭ የሚሰጠው ነው። የሚያመው አጥንት ላይ ያነጣጥራል፣ ሥራው ሕመሙን ማስታገስ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ብዙ ቀን ከሚመላለሱበት አያንስም። በማግስቱ ግን ተአምር አትጠብቁ። መጀመሪያ ሊብስም ይችላል፣ እፎይ የሚባለው ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ ማስታገሻ፣ ሞርፊንም ቢሆን፣ አትንፈጓቸው። "ሱስ ያስይዛል" የሚል ዘመድ አይጠፋም፣ አትስሙት።

በደም ስር የሚሰጡት ሌላ ናቸው። ራዲየም 223 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አጥንቱ ካልሲየም መስሎት ይወስደዋል፣ ጨረሩም የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሄድም፣ ስለዚህ ዙሪያውን ብዙ አይነካም። ጉበት ለገባ ግን አይሆንም። አጎትህ ያለው በ2022 የተፈቀደውን ሉቴቲየም ይመስለኛል። እሱ ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን ያለበትን ሴል ፈልጎ ይጣበቃል፣ በየስድስት ሳምንቱ እስከ ስድስት ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱም አያድኑም። ሉቴቲየም በተፈተነበት ትልቅ ጥናት ከወሰዱት ግማሾቹ እስከ 15.3 ወር በሕይወት ነበሩ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ግማሾቹ እስከ 11.3 ወር። አራት ወር ቀላል ነው አልልም፣ ግን ቤት ሳትሸጡ ቁጥሩን እወቁት። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ በማሽን መታከም በኋላ መርፌውን አይከለክልም።

ባለ ሁለት ሻንጣ፦
እኛ አባባን ይዘን ሄደናል። ደላላው ገና እዚህ ሳለን ቀብድ በላን። ደግነቱ እዚያ ካንሰሩ የት እንዳለ የሚያሳየውን ፔት ስካን ሲነሳ ካንሰሩ ያንን ፕሮቲን አሳየ። አብሮን የሄደው የጭሮ ሰውዬ ግን አላሳየም ተብሎ ተመለሰ፣ ብሩም እዚያው ቀረ። ፔት ስካን ሳያይ ብር የሚቀበል ካጋጠማችሁ ሽሹ። አባባ ሕመሙ ቀሎታል፣ አልክድም። አፉ ግን ደረቀ። እንጀራ ያለ ውኃ አይወርድለትም፣ አርባ ዓመት የቃመ ሰው አሁን በርጫ ላይ ሻይ ብቻ ይዞ ይቀመጣል። መርፌውን በወሰደ ሰሞን የልጅ ልጆቹን እንዳያቅፍ ሲከለከል ነው ያለቀሰው፣ በሕመሙ አላለቀሰም።

የከዚራ ልጅ፦
ኑሩልኝ። ለአባዬ አነበብኩለት፣ የማሽኑን እቀበላለሁ አለ። አዲስ አበባ ላኩት ቢሉን በባቡር ይሻላል በመኪና? ከትናንት ጀምሮ ግራ እግሩ እየከዳው ነው፣ ሽንትም አልወጣ ብሎታል፣ መንገዱ እንዳይጎዳው ብዬ ነው።

የጀጎል ነርስ፦
ቆይ ቆይ። ባቡሩን ተወው። እግር ሲከዳና ሽንት እምቢ ሲል ካንሰሩ አከርካሪው ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ይሄ ለሰኞ የሚቀጠር አይደለም። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል፣ በጀርባቸው አስተኝታችሁ፣ ባጃጅ እንዳይሆን! "አጥንት የገባ ፕሮስቴት ካንሰር አለበት፣ እግሩ ከዳው" በላቸው፣ በዚሁ ቃል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት፣ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ ጨረሩም ሳይውል ሳያድር ነው። ጭራሽ መራመድ ካቆሙ በኋላ መመለሱ ይከብዳል።

የከዚራ ልጅ፦
ጎረቤት ፒክአፕ አለው። ፍራሽ እያነጠፍን ነው።