አስቸኳይ፦ የጎልፍ ሣሬ የረገጥኩበት ሁሉ ጠቆረ (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴው፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማለዳ በእንግዳ ማረፊያችን ግቢ በምንከባከባት ትንሽ የጎልፍ መጫወቻ ላይ ተመላልሼ ነበር፤ ረፋዱ ላይ የረገጥኩበት ሁሉ እንደ ተቃጠለ ጠቁሮ አገኘሁት። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ በደንቡ መሠረት 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ሰጥቼ፣ ሣሩንም በአሜሪካ እንዳለው ዝነኛው የጎልፍ ሜዳ እንደ ኦጋስታ እንዲሆን እስከ መሬት አጭጄዋለሁ። ማዳበሪያው አቃጥሎት ይሆን?

ሞላሌ፦ ዩሪያ ይበትኑበት።

የማጀቴ ሰው፦ ከኦጋስታ ጋር መፎካከሩ ራሱ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የማስተርስ ውድድር የሚካሄድበት ያ ሜዳ የለበሰው የሰርዶ ዘር ሲሆን፣ ብርድ ሲገባ እሱም እንደኛው ሰርዶ ይደርቃል፤ በቴሌቪዥን የምናየው አረንጓዴ በላዩ የተዘራ ራይ ግራስ የሚባል ብርድ የሚችል ሣር ነው። በጉድጓዶቹ ዙሪያ የነበረውን ሰርዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. ለ1981ዱ ውድድር አንስተው ቤንት ግራስ በሚባል ብርድ በሚችል ሣር ተክተውታል። የእርስዎ ሣር ምንድን ነው?

የጠባሴው፦ ሰርዶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ቀበጥ፦ የደብረ ብርሃን ሰው ሆነው ብርድ ልብስ አጡ? ያልብሱት እንጂ!

አንኮበሬው፦ ማዳበሪያውን ያለ ጥፋቱ አይክሰሱት። ሲረግጡት ውርጭ ነበረ?

የጠባሴው፦ በታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መቼ ይጠፋል? ጨው የተበተነ ይመስል ነበር።

አንኮበሬው፦ ነገሩ ይኸው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሳለ ሲረገጥ የቅጠሉ ሕዋሳት ይሰበራሉ፤ ፀሐይ ሲያገኘውም ይጠቁራል። ትላልቆቹ ሜዳዎችም ውርጩ እስኪቀልጥ ድረስ ተጫዋች አያስገቡም። ዙሪያውን ገመድ ይወጥሩና ነጩ ሳይጠፋ ማንም አይግባበት፤ እስከ መሬት ማጨዱንም ይተዉ፣ ብርዱን ያብስበታልና። ሥሩ ስላልተጎዳ በኋላ ያገግማል፤ ለቅዳሜ ግን አይደርስም። ስለዚህ ጉድጓዱን ወዳልተረገጠው ጎን ያዛውሩት፤ በውድድር ሜዳም በየቀኑ ቦታውን ይቀይሩታል።

ሞላሌ፦ ዩሪያ ብያለሁ።

አንኮበሬው፦ ወንድሜ፣ በውርጭ ወቅት ዩሪያ ለጋ ቅጠል ያስወጣና ብርዱ እሱንም ይበላዋል።

የጠባሴው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ገመዱን ወጥሬያለሁ። ብርድ ልብሱን ግን ማታ በስንት ሰዓት ላልብሰው?