«ከተላከ አለቀ»፦ ያለቀው ምኑ ነው?

ሚዛን፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ አረፍተ ነገር አላሳልፍ አለኝ። «ካርድና ባንክ የሦስት ቀን ወረፋ ነው፤ ክሪፕቶ ግን ከተላከ አለቀ» ይላል። ይህን አምኖ ዕቃ የሚያስረክብ ሰው አለ። ላኪው «ላክ» የሚለውን ሲጫን የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የተፈረመ መልእክት ወደ ኖዶች፣ መዝገቡን ወደሚይዙት ኮምፒውተሮች፣ ተሰራጨ። መልእክቱ ሜምፑል በሚባለው መጠበቂያ ውስጥ ተሰልፎ፣ ማይነሮች የሰንሰለቱ ቀጣይ ገጽ በሆነው ብሎክ ውስጥ እስኪያስገቡት ይጠብቃል። እዚያ እስካለ ድረስ ለመክፈል የቀረበ ጥያቄ እንጂ የተከፈለ ገንዘብ የለም። ጽሑፉን የደገፋችሁ እስቲ ንገሩኝ፣ ያለቀው ምኑ ነው?

ቁልፍ ያዥ፦
ሚዛን፣ በነጋዴው ቦታ ሆነሽ አንብቢው። ካርዱ «ተፈቅዷል» ሲል ገንዘቡ የገባ ይመስላል። ካርድ ያዡ ለባንኩ «እኔ አላዘዝኩም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» ካለ ግን ገንዘቡ ከነጋዴው ሂሳብ ተመልሶ ይነሳል። ለአብዛኛው የቅሬታ ዓይነት የተፈቀደው ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው። ነጋዴው ገንዘቡንም ዕቃውንም ያጣል፣ በላዩ ላይ የማስመለሻ (ቻርጅባክ) ቅጣት ይከፍላል። ቢትኮይን ላይ ስድስት ማረጋገጫ ያገኘን ክፍያ (የገባበትን ጨምሮ ስድስት ብሎክ የተደረበበትን) ግን ማንም ባንክ ጋ ደውሎ አያስመልሰውም። አለቀ ማለት ይሄ ነው።

ሚዛን፦
> ስድስት ማረጋገጫ ያገኘን ክፍያ

ራስህ አረምከው እኮ። ጽሑፉ «ከተላከ» ነው የሚለው፤ አንተ «ስድስት ማረጋገጫ ካገኘ» አልክ። በሁለቱ መካከል በአማካይ አንድ ሰዓት አለ። አማካይ ስንል ደግሞ የቀጠሮ ሰዓት አይደለም። ብሎክ የሚገኘው በዕድል ስለሆነ ከ100 ብሎክ 5 ያህሉ ከ30 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል። ያ ለአንዷ ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ኖድ 8333፦
ሚዛን በዚህ ትክክል ናት፣ እንዲያውም አለዝባዋለች። ማረጋገጫ የሌለውን ክፍያ ላኪው ራሱ ሊቀይረው ይችላል። ያንኑ ሳንቲም በከፍተኛ የማስተላለፊያ ክፍያ ወደ ራሱ ሌላ አድራሻ ይፈርማል፤ ማይነሮች የሚወስዱት የበለጠ የሚከፍላቸውን ነው። ድሮ ግብይቱ «ልቀየር እችላለሁ» የሚል ምልክት ከሌለው ኖዶች ምትኩን አይቀበሉም ነበር። ኖዶች የሚጠቀሙበት ዋናው ሶፍትዌር ቢትኮይን ኮር 28 በእ.ኤ.አ. 2024 ከወጣ ወዲህ ግን ምልክት ኖረም አልኖረም መቀየር በነባሪ ይፈቀዳል። ስለዚህ ዋሌቱ (የክሪፕቶ ቦርሳ መተግበሪያው) ላይ «እየገባ ነው» የሚለውን አይቶ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ በላኪው ታማኝነት ብቻ ነው የሚነግደው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ አንዳንዱ ግብይት ለምን ሰዓታት ይቆያል? ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው?

ኖድ 8333፦
የገንዘቡ መጠን ምንም አያገናኘውም። የሚቆየው ለማይነሩ የሚሰጠው የማስተላለፊያ ክፍያ ሲያንስ ነው፤ እሱም የሚተመነው በመረጃው ክብደት ነው። አንድ ግቢ (የሚገባ የሳንቲም ቁራጭ) ሁለት ወጪ (የሚወጣ ቁራጭ) ያለው የተለመደ ግብይት 141 ቨርቹዋል ባይት ገደማ ነው። በባይት 5 ሳቶሺ (የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ) ከሆነ 705 ሳቶሺ፣ ሰልፉ ሞልቶ 100 ከሆነ 14,100 ሳቶሺ ያስከፍላል። አሁን ደግሞ በጥቃቅን የተጠራቀመ ሳንቲም ያለው ሰው አስብ። እያንዳንዱ ግቢ 68 ባይት ያህል ስለሚጨምር አስር ግቢ ያለው ግብይት ወደ 750 ባይት ይደርሳል፤ ያንኑ ገንዘብ ለመላክ ከአምስት እጥፍ በላይ ይከፍላል። ጥቃቅኑን አንድ ላይ ማሰባሰብ ያለበት ሰልፉ ባዶ ሲሆን ነው፣ መክፈል ባስፈለገው ቀን አይደለም።

ዝቅተኛ ክፍያ ሰጥቶ ግብይቱ የተቀረቀረበት ሰው ሁለት መውጫ አለው። ላኪ ከሆነ ክፍያውን ጨምሮ በአዲስ ይተካዋል። ተቀባይ ከሆነ ደግሞ ያልጸናውን ገቢ ራሱ በከፍተኛ ክፍያ ወደ ሌላ አድራሻው ይልከዋል፤ ማይነሩ ሁለተኛውን ለማግኘት የመጀመሪያውንም ማስገባት ግድ ይሆንበታል። ምንም ካልተደረገ ኖዶች በነባሪ ከ14 ቀን በኋላ ይጥሉታል፣ ሳንቲሙም ከላኪው እጅ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

ሚዛን፦
እንግዲህ «ከተላከ አለቀ» የተባለው ነገር ከ14 ቀን በኋላ እንዳልተላከ ሊቆጠር ይችላል ማለት ነው። ይህ እዚሁ ይመዝገብልኝ።

ቁልፍ ያዥ፦
አንዲት ቃል ይዘሽ ሙሉ ስርዓት አትፍረጂ። ለትንሽ ክፍያ ላይትኒንግ የሚባል በቢትኮይን ላይ የተሠራ መክፈያ አለ፤ በሰከንድ ይደርሳል፣ ተቀባዩም ብሎክ አይጠብቅም።

ሚዛን፦
ይደርሳል፣ መንገድ ካለ። አዲስ ነጋዴ በ1,000,000 ሳቶሺ ቻናል (ሁለት ሰዎች የሚካፈሉት የጋራ ሂሳብ) ሲከፍት ገንዘቡ በሙሉ በእሱ በኩል ነው፤ በሌላው በኩል ምንም ስለሌለ አንዲት ሳቶሺ መቀበል አይችልም። ወይ መጀመሪያ ከራሱ ማውጣት አለበት፣ ወይ ሌላ ሰው ወደ እሱ ቻናል እንዲከፍት መክፈል አለበት። ይህን ሳይነገረው «ላይትኒንግ ጫን» የተባለ ሰው የመጀመሪያው ደንበኛ ፊት ክፍያው አልሄድ ይለዋል። ሌላው ወገን ጠፍቶ ቻናሉን በግድ መዝጋት ካስፈለገ ደግሞ ገንዘቡ እንደ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ 144 ብሎክ፣ አንድ ቀን ገደማ፣ ከዚያም በላይ ይታሰርበታል። ሌላው ወገን ያለፈበትን የድርሻ መዝገብ አውጥቶ ቢዘጋ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተከታትሎ የሚቀጣ ኖድ ወይም ጠባቂ መኖር አለበት። ያለ ጠባቂ የሚያልቅ ነገር የለም።

ቀሪ ሂሳብ፦
ልጆች፣ የአረፍተ ነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የምትከራከሩት። «የሦስት ቀን ወረፋ» የሚለውም ያረጀ ነው። በአውሮፓ የፈጣን ክፍያ ደንብ ገንዘቡ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተቀባዩ ሂሳብ ይገባል። የብራዚሉ የፈጣን ክፍያ ሥርዓት ፒክስ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ሌሊትም በዓልም በሰከንዶች ነው። የህንዱ ዩፒአይም እንደዚያው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዩፒአይ ላይ ለተቀባዩ ወዲያው የታየው ገንዘብ በባንኮቹ መካከል ገና አልተከፈለም። ባንኮቹ በቀን በተወሰኑ ዙሮች ዕዳቸውን አቻችለው ልዩነቱን በማዕከላዊ ባንክ ሂሳባቸው ይተላለፋሉ። በመካከሉ ያለውን ስጋት የሚሸከሙት ባንኮቹ ናቸው፣ ደንበኛው አያየውም።

ይህን ያመጣሁት «አለቀ» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 የጀርመኑ ሄርሽታት ባንክ ሲዘጋ፣ ከእሱ ጋር ማርክ በዶላር ሊለዋወጡ የተስማሙ ብዙ ባንኮች የጀርመን ማርካቸውን ቀድመው ከፍለውት ነበር፤ የሚቀበሉት ዶላር ግን ኒውዮርክ ገና ጠዋት ስለነበረ አልተከፈለም። በእነሱ በኩል አልቆ ነበር።

ቁልፍ ያዥ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የጠሩት ሁሉ የኔን ነጥብ ያጠናክራል። ሁሉም ቦታ በመካከል ሌላ ሰው አለ።

ቀሪ ሂሳብ፦
በመካከል ያለው ሰው አንዳንዴ ተከፋዩን ሳይነካ ከፋዩን ይክሳል፣ እሱን አትርሳ። እንግሊዝ ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ተታሎ የላከ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስለት ደንግጋለች፤ የላኪውና የተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ክፍያው አልተቀለበሰም፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ተቀየረ። የእናንተ ሰንሰለት ላይ ተታሎ የላከን ሰው ማን ይክሰዋል?

ቁልፍ ያዥ፦
ማንም። ለዚህም ነው የባለቤቱ የምስጢር ቁልፍ ሳይፈርም ገንዘብ የማይነሳው። ኃላፊነቱ ሲካፈል ፈቃዱም ይካፈላል፤ የሚክስህ የማገድም ሥልጣን አለው። እኔ ይህን በደንብ አውቄ ነው የመረጥኩት፣ አላፍርበትም።

ጋዝ ቆጣቢ፦
ስለ ማለቅ ከሆነ ወሬው በትክክል የተጻፈበት ሌላው የክሪፕቶ ሰንሰለት፣ ኤቴሪየም ነው። ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ በየ12 ሰከንዱ የብሎክ ተራ አለ፤ 32 ተራ አንድ ዘመን ነው። ሁለት ዘመን ሲያልፍ፣ 13 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ብሎኩ የጸና ይባላል። ያንን ለመቀልበስ ብሎክ የሚያጸድቁት ካስያዙት ገንዘብ ቢያንስ ሲሶው በቅጣት መቃጠል አለበት። ቢትኮይን ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር የለም፤ ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል እንጂ «አለቀ» የሚባልበት ብሎክ አልተወሰነም።

ቁልፍ ያዥ፦
ስለ መጽናት ኤቴሪየም ሊያስተምረን አይችልም። በእ.ኤ.አ. 2016 ኤቴሪየም ላይ በኮድ ከሚተዳደረው ፈንድ ከዳኦ 3.6 ሚሊዮን ኤተር (የኤቴሪየም ሳንቲም) በኮዱ ቀዳዳ ሲወሰድ ሰንሰለቱን ለውጣችሁ መለሳችሁት። ያልተስማሙት ኤቴሪየም ክላሲክ ብለው ቀሩ።

ጋዝ ቆጣቢ፦
በኦገስት 2010 በስህተት 184 ቢሊዮን ቢትኮይን የፈጠረው ብሎክስ የት ሄደ? ሶፍትዌሩ ታርሞ ሰንሰለቱ ከዚያ በፊት ካለው ብሎክ እንደገና ተሠራ። የናንተ ሲሆን ጥገና፣ የኛ ሲሆን ክህደት ማለት አይቻልም።

ቁልፍ ያዥ፦
ያ ደንቡን የጣሰ ብሎክ ነበር፤ 21 ሚሊዮን ነው ወሰኑ። የዳኦው ኮድ ግን ደንቡን አልጣሰም፤ ውጤቱን ስላልወደዳችሁት ነው የቀየራችሁት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ኖድ 8333፦
እኔ የቁልፍ ያዥ ወገን ነኝ፣ ግን 2013ንም እንናገር። በማርች 2013 የቢትኮይን ሶፍትዌር ስሪት 0.8 እና የቀድሞዎቹ በአንድ ብሎክ ሳይስማሙ ሰንሰለቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማይነሮች ተመካክረው ወደ አሮጌው ሲመለሱ በአዲሱ ላይ ከስድስት በላይ ማረጋገጫ የነበራቸው ብሎኮች ተጣሉ። አብዛኛው ግብይት በሁለቱም ላይ ስለነበረ አልተጎዳም፤ ወደ 10,000 ዶላር የሚጠጋ አንድ ክፍያ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቷል።

አዲስ ገቢ፦
እኔ የሚገጥመኝ ዩኤስዲቲ፣ ዋጋው በዶላር የታሰረው ሳንቲም ነው። እሱ ሲላክስ መቼ ነው ያለቀው?

ሚዛን፦
እሱ ላይ ስህተቱ የሚፈጠረው ከመላኩ በፊት ነው። ዩኤስዲቲ በብዙ ሰንሰለቶች ላይ ስላለ መጀመሪያ ተቀባዩ በየትኛው ኔትዎርክ እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቅ። የትሮን ሰንሰለት አድራሻ በላቲኑ «ቲ» ይጀምራል። የኤቴሪየምና የቢኤንቢ ሰንሰለት አድራሻ ግን በመልክ አንድ ነው፤ የተሳሳተ ሰንሰለት ብትመርጥ ዋሌቱ አያስቆምህም። ተቀባዩ ቁልፉን ራሱ ከያዘ በሌላው ሰንሰለት ያገኘዋል፤ አድራሻው የኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መለዋወጫ ድርጅት) ከሆነ ግን በእነሱ መልካም ፈቃድ ላይ ነህ። ሁለተኛ፣ ትሮን ላይ በተለመደው መንገድ ዩኤስዲቲ ብቻ ይዘህ መላክ አትችልም፤ ለማስተላለፊያው የትሮን የራሱ ሳንቲም ቲአርኤክስ ያስፈልጋል። ተቀባዩ ከዚህ በፊት ዩኤስዲቲ ኖሮት የማያውቅ አድራሻ ከሆነ የሚፈጀው ኢነርጂ (ትሮን የማስተላለፊያውን ሥራ የሚለካበት) ከ65,000 ገደማ ወደ 130,000 ይጨምራል፤ ስለዚህ ቲአርኤክሱን በእጥፍ አስበህ ያዝ።

አድራሻውን ከታሪክ ዝርዝርህ ኮፒ አታድርግ። አጭበርባሪዎች የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ፊደላት ከደንበኛህ ጋር የሚመሳሰሉ አድራሻ ሠርተው ባዶ ግብይት ይልኩልሃል፤ ዝርዝሩ ላይ እንዲቀመጥ ነው። መካከሉንም አንብብ። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ትንሽ ልከህ መድረሱን ተቀባዩ በሌላ መንገድ ሲያረጋግጥልህ ቀሪውን ላክ።

ቀሪ ሂሳብ፦
መቼ አለቀ ላልከው ደግሞ፣ ዩኤስዲቲ ላይ ከሰንሰለቱ ማረጋገጫ በኋላም አውጪው ድርጅት አለ። ኮንትራቱ ውስጥ አድራሻን የማገድ፣ የታገደውንም የማጥፋት ትእዛዝ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜም ተጠቅመውበታል። ሌላው የዶላር ሳንቲም ዩኤስዲሲም ያግዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ መጠባበቂያው አለ፤ በማርች 2023 የዩኤስዲሲ 3.3 ቢሊዮን ዶላር በወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ለጊዜው ሲያዝ ዋጋው ከ90 ሳንቲም በታች ወርዷል። ሰንሰለቱ ላይ ሁሉም ክፍያ ጸንቶ ነበር፤ የጸናው ነገር ግን አንድ ዶላር አልነበረም።

ቁልፍ ያዥ፦
በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ስቴብልኮይን (እንደ ዩኤስዲቲ ያለ በዶላር የታሰረ ሳንቲም) የባንክ ገንዘብ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ። ቢትኮይን ቦርሳህ ውስጥ ካለ ግን ያንተ ነው።

ኖድ 8333፦
ቦርሳ ውስጥ ምንም የለም። ዋሌት ቁልፍ ነው የሚይዘው፤ ሳንቲሙ መዝገቡ ላይ ነው። «ቦርሳ» የሚለው ቃል ነው ሰውን ስልኩ ሲጠፋ ገንዘቡ የጠፋ፣ ቁልፉን የሚመልሱትን የማገገሚያ ቃላት ፎቶ ሲያነሳ ደግሞ ምንም ያልሆነ እንዲመስለው ያደረገው።

ቁልፍ ያዥ፦
ቃሉ የሕዝብ ቃል ነው፣ ተወው። ዋናው ነገር ኤክስቼንጅ ላይ አለማስቀመጥ ነው።

ሚዛን፦
ጽሑፉ በሰከንድ አለቀ ያለው ራሱ የዚያ ዓይነት ይመስለኛል፤ ከአንድ ኤክስቼንጅ ደንበኛ ወደ ሌላው። እዚያ ሰንሰለቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ በድርጅቱ መዝገብ ሁለት ቁጥሮች ተቀየሩ። ማውንት ጎክስ የተባለው ኤክስቼንጅ በእ.ኤ.አ. 2014 ሲወድቅ የደንበኞቹ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሙሉ ነበር።

አዲስ ገቢ፦
በመጨረሻ ለትልቅ ሽያጭ ስንት ማረጋገጫ ልጠብቅ?

ቁልፍ ያዥ፦
ስድስት።

ኖድ 8333፦
ስድስት ልማድ ነው። የቢትኮይን ፈጣሪ የሳቶሺ ናካሞቶ ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ፤ አጥቂው የመሳካት ዕድሉ ከሺህ አንድ በታች እንዲሆን የሚያስፈልገው ብሎክ ተሰልቷል። አጥቂው ብሎክ ከሚሠሩት ኮምፒውተሮች ጠቅላላ ጉልበት 10 በመቶ ከያዘ 5 ብሎክ ይበቃል። 20 በመቶ ከሆነ 11፣ 30 በመቶ ከሆነ 24፣ 40 በመቶ ከሆነ 89። በእ.ኤ.አ. 2014 አንድ ፑል (አብረው የሚሠሩ ማይነሮች ስብስብ) ብቻውን ወደ ግማሽ ተጠግቶ ነበር።

ቁልፍ ያዥ፦
ፑል አንድ ሰው አይደለም። ውስጡ ያሉት ማይነሮች ጥቃት ሲያዩ ይለቃሉ፣ በ2014ም ለቀዋል።

ሚዛን፦
ከጥቃቱ በፊት ወይስ ዕቃው ከተሰጠ በኋላ?

ቁልፍ ያዥ፦
ሚዛን፣ ለሱቅ ዕቃ 30 በመቶ ጉልበት የሚያባክን የለም። ለቤት ሽያጭ ከሆነ 24 ጠብቂ፣ አራት ሰዓት ነው።

ሚዛን፦
አራት ሰዓት። እንግዲህ ለጽሑፉ ባለቤት ይህንን ላክለትና «ከተላከ» የሚለውን ያውጣ።

ቁልፍ ያዥ፦
«የሦስት ቀን ወረፋ» የሚለውን ያውጣ፣ «አለቀ» የሚለው ይቆያል።