ወንድሜ ከተገደለ 19 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይርጋ አልፎታል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ ሰኔ 1999 ዓ.ም. ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ በጩቤ ተወጋ። ደሴ ሆስፒታል ልናደርሰው ስንሮጥ ሀረጎ ላይ አረፈ። የወጋው የሰፈራችን ልጅ ነው። በማግስቱ ተሰወረ። ጅቡቲ ገባ ተባለ፣ ከዚያ የመን። ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ተቀምጦ አየሁት። ሸብቷል። እግሬ ከዳኝ። ለእናቴ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤት «ይርጋ ዘግቶታል፣ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል፣ ተይው» ይለኛል። እውነት ነው?

ሸዋበር፦
እሱ ማኪያቶ፣ እናንተ እንባ! ብቻ እህቴ፣ ራስሽ ሄደሽ እንዳታናግሪው። ከነቃ ነገ የለም።

ጠበቃው ከደሴ፦
ጎረቤት ሕግ ሲተረጉም እንዲህ ነው። ነገሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 217 ላይ አለ። ቆጠራው የሚያያዘው ወንጀሉ ከሚያስከትለው ቅጣት ጋር ነው። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ከሆነ 25 ዓመት፤ ከ10 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ከሆነ 20 ዓመት። አስቦና ተዘጋጅቶ ከገደለ አንቀጽ 539 ነው፣ 25 ዓመት አለሽ። ተራው ግድያ 540 ነው፤ ጣሪያው 20 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሆነ ይርጋውም 20 ዓመት ነው፣ ሰኔ 2019 ላይ ይሞላል። የገዳዩ ጠበቃ ግን 541 ነው ብሎ ይከራከራል፣ በድንገተኛ ቁጣ ምናምን። እሱ ቀላል እስራት ነው፣ ይርጋውም 5 ዓመት ብቻ። ያ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ምስክሮቹ ያኔ ምን እንዳሉ ወሳኝ ነው።
ሌላው፣ ያን ጊዜ የመያዣ ትዕዛዝ ወጥቶበት ከነበረ ቆጠራው ተቋርጦ ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ቢሆንም ከመደበኛው እጥፍ ማለፍ አይችልም። መዝገቡን ፈልጊ።

ጋሼ ከሐይቅ፦
ልጄ፣ ነፍስ ይማር። የገዳዩ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይዘው ይመጡ ይሆናል፣ አስታራቂዎቹን አበጋሮች። በእኛ አገር ደም ሲደርቅ ያምራል፣ እኔም በብዙ እርቅ ተቀምጫለሁ። ግን እርቅ የነፍስ ግድያ ክስን አያስቀርም። የግል አቤቱታ አይደለምና፣ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። ቢበዛ ቅጣት ያቀልለት ይሆናል። እናትሽ ሳይሰሙ አንድም ሽማግሌ እንዳታስገቢ።

የቦርከና ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ ነበር። «የድሮ መዝገብ በ2014ቱ ጦርነት ወድሟል» አሉኝ። ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም።

ጠበቃው ከደሴ፦
ጣቢያ የጠፋ ወረቀት ሁሉ ሌላ ቦታም ጠፋ ማለት አይደለም። ትዕዛዙ ወጥቶ ከሆነ ያወጣው ፍርድ ቤት ነውና እዚያ ሬጅስትራር ጠይቂ። ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ቅጂ ሊኖር ይችላል። ሆስፒታሉ የሰጠው የአስከሬን ምርመራ ውጤትም ያስፈልግሻል። ብቻ የምርመራ መዝገብ ቁጥር ካለሽ ሥራው ግማሽ አልቋል። ያኔ ቃል ስትሰጡ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው አልሰጧችሁም?

የቦርከና ልጅ፦
ሰጥተውናል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ናት። እናቴ ሳጥኗ ውስጥ ከወንድሜ መታወቂያ ጋር በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣታለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ልነግራት ነው።