የድሮ ትራክተር ፈጣን ማርሽ ዘግይቶ ይይዛል፤ ጥፋቱ የዋናው ፍሪሲዮን ነው?

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 165 ነው፤ ፈጣንና ቀርፋፋ በአንዲት ትንሽ እጀታ የሚመረጥበት፣ መልቲ ፓወር የሚባለው ዓይነት። ጠዋት ዘይቱ ሳይግል ደህና ይሠራል። እኩለ ቀን ላይ ግን፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ እጀታውን ወደ ፈጣን ስወስደው አራት አምስት ሰከንድ ያህል በቀርፋፋው ይቀጥልና በድንገት ገፍትሮ ይይዛል። ተጎታች ስቤ ዳገት ስጀምር ደግሞ ሳልነካው ወደ ቀርፋፋው ይመለሳል። አንድ ጋራዥ «ዋናው ፍሪሲዮን አልቋል፤ ትራክተሩ ከወገቡ ተከፍሎ ይቀየር» አለኝ። የማሽላው መሬት የሚታረስበት ጊዜ ደርሷል፤ ጎረቤቶቻችንም የሚጠብቁት ይህንኑ ትራክተር ነው። ሳይከፈት የማረጋግጥበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መካኒክ፣ ከሐረር፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ዋናው ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ በፈጣኑም በቀርፋፋውም ይንሸራተት ነበር፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። ያንተ ግን በቀርፋፋው እየጎተተ ነው። መልቲ ፓወር ላይ ቀርፋፋው በጥርስ የሚያያዝ ነው፤ ፈጣኑ ግን የራሱ ትናንሽ ዲስኮች አሉት፤ እነዚያን የሚያጣብቃቸው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ከደከመ ትራክተሩ በቀርፋፋው ይቀራል። የነገርከን ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል።

ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ እጀታውን ቀርፋፋ ላይ አድርግና ከፍ ያለ ማርሽ አስገባ። ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ከፊትህ ሰው እንዳይቆም። ሞተሩ ታፍኖ ከጠፋ ዋናው ፍሪሲዮን ይይዛል ማለት ነው። ሳይጠፋ እየዞረ ከቀጠለ ጋራዡ እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር፤ መደጋገም ደህናውን ዲስክ ያቃጥላል።

ሹፌር፣ ከባቢሌ፦
ተጎታችህ በትራክተሩ ዘይት የሚነሣ ገልባጭ ነው? የእኔም ኦቾሎኒ ሳመላልስ እንዲሁ አስቸግሮኝ ነበር። የኋላው ዘይት ለካምቢዮውም፣ ለማንሻውም፣ ለመልቲ ፓወሩም አንድ ነው። ተጎታቹ ሲነሣ ዘይቱ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ መጠኑ ቀድሞም ዝቅ ያለ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባል። ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ተጎታቹን አውርደህ በመለኪያው ዘንግ እይ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የቀርፋፋው ጥርስ የሚይዘው ሞተሩ ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ስለሆነ፣ ቀርፋፋው ላይ ሞተሩ ቁልቁለት አይይዝልህም፤ ትራክተሩ ነፃ ሆኖ ይንደረደራል። ፈጣኑ እስኪስተካከል ድረስ ጭነት ይዘህ ደንገጎን ቁልቁል እንዳትወርድ። ሞተር አጥፍተህ ስታቆምም ማርሽ አስገብቻለሁ ብለህ አትመን፤ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።

የቆየ መካኒክ፣ ከድሬዳዋ፦
ልጄ፣ የተነገረህ ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የሙቀቱን ነገር ነው። ሳይግል የሚዘገይ ከሆነ የተደፈነ ወንፊት፣ የወፈረ ዘይት ወይም የሚጣበቅ ቫልቭ ይጠረጠራል። ሲግል ብቻ የሚዘገይ ግን ዘይቱ ቀጥኖ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የዲስኮቹ ፒስተን ማኅተሞች፣ ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጉት ቀለበቶች፣ ተበልተዋል። ከርካሹ ጀምር። አንድ ሰው እጀታውን ሲያንቀሳቅስ አንተ ከታች ከእጀታው ጋር የተያያዘው ዘንግ እስከ መጨረሻው መሄዱን ተመልከት። ቀጥሎ ዘይቱንና ወንፊቱን። የመኪና ሞተር ዘይት እንዳትጨምርበት፤ ለትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ የተሠራውን ግዛ። ከዚያ በኋላ ካልተሻለው ወደ መልቲ ፓወር በሚሄደው የዘይት መስመር ላይ የግፊት መለኪያ አስገጥመህ፣ ሳይግልም ከጋለም በኋላ አንብብ።

ጠያቂ፣ ከድሬዳዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በፍሬኑ ሙከራ ሞተሩ ወዲያው ጠፋ፤ ዋናው ፍሪሲዮን ደህና ነው። ዘይቱ ግን ከታችኛው ምልክት በታች ነበር፤ በጠርሙስ ቀድቼ ሳየው ሻይ በወተት ይመስላል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ተሻግረንበት ነበር። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ዝቃጭ እንደ ጭቃ ተጋግሮ በጣቴ ፈቅፍቄ አነሣሁት። አጥቤ አዲስ ዘይት ከሞላሁ በኋላ መዘግየቱ ወደ አንድ ሰከንድ ወረደ። ከሦስት ሰዓት እርሻ በኋላ ግን በመጠኑ ይመለሳል፤ መለኪያውም ሲግል ግፊቱ እንደሚወርድ ያሳያል። ጋሼ፣ ማኅተሞቹ ይሆኑ?

የቆየ መካኒክ፣ ከድሬዳዋ፦
ማኅተሞቹን አጥብቄ እጠረጥራለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመህ ፓምፑን አስመርምር። ማኅተሞቹ ከሆኑ መከፈቱ አይቀርም፤ ዲስኮቹ ያሉት ካምቢዮው ውስጥ ነው። አሁን ግን ምን እንደምትገዛ ታውቃለህ። እስከዚያው ማሽላውን በቀርፋፋው እረስ፤ ትራክተሩን አይጎዳውም። ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ አንድ ጊዜ በመቀየር አይጠራም፤ ጥቂት ቀን ሠርተህበት እንደገና ቀይረው። ሲከፈት የዋናውን ፍሪሲዮን ኩሽኔታም በእጅህ አዙረህ አዳምጥ፤ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በዚያው ይቀየር፤ ለእርሱ ብቻ ሁለተኛ መክፈት ያሳዝናል።