ኮሚክ ለታካሚ፦ ይጠቅማል ወይስ ነገሩን ያቀልለዋል?

አወያይ፦ ትናንት አንድ አባላችን “ሕመም የልጆች ተረት አይደለም፤ የጤና መረጃ በኮሚክ አይሰጥም” ብሎ ጽፎ ነበር። ኮሚክ ስንል በተከታታይ ሥዕሎችና በአጭር ጽሑፍ የሚነገረውን ማለታችን ነው። እስቲ ተከራከሩበት።

ሐኪሙ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ቀዶ ሕክምና ፈርቶ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ፈገግ ያለ ኩላሊት የተሣለበት ወረቀት ሲሰጡት የተናቀ ይመስለዋል።

ነርሷ፦ ዶክተር፣ እሱ መጥፎ ኮሚክ ነው። ኮሚክን ለሕክምና ማዋልን “ግራፊክ ሜዲሲን” የሚለውን ስያሜ ያወጡት ኢያን ዊልያምስ እኮ ራሳቸው ሐኪም ናቸው። በርሊን በሚገኘው ቻሪቴ ሆስፒታል ቱቦ በደም ሥር በኩል ወደ ልባቸው የሚገባላቸው 121 ታካሚዎች ተጠንተው ነበር። ከተለመደው ማብራሪያ በተጨማሪ ኮሚክ የተሰጣቸው የበለጠ ተረድተዋል፣ ጭንቀታቸውም ቀንሷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። “በተጨማሪ” የምትለዋን ልብ ይበሉልኝ፤ ሐኪሙን የተካ የለም።

ሐኪሙ፦ አንድ ሆስፒታል፣ 121 ሰው። በዚህ ብቻ አልረታም።

ታካሚ፦ እኔ የስምምነት ፎርሙን ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት። ጥያቄ አለህ ሲሉኝ የለኝም አልኩ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሠዓሊው፦ ኮሚክ ማንበብም እኮ በልምድ የሚመጣ ነው፤ ይሄን ሁላችሁም ዘላችሁታል። የአስም ኢንሄለር (መድኃኒቱ በአፍ የሚሳብበት መሣሪያ) አጠቃቀም ስሥል “ትንፋሽህን ይዘህ እስከ 10 ቁጠር” የሚለው አስቸገረኝ፤ የቆመ ሥዕል ጊዜን አያሳይም። ከሰውየው ራስ በላይ የሐሳብ ደመና (ሰውየው በልቡ የሚለው የሚጻፍበት) ሣልኩና ቁጥሮቹን ደረደርኩበት። አንድ አባት አይተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “ልጄ፣ እንዲህ የሚያጨስ ከሆነስ ይቅርብኝ።” ወደ ደመናው የሚወጡት ትንንሽ ክቦች ጭስ መስለዋቸዋል! ደመናውን አጥፍቼ አንድ በአንድ የሚታጠፉ ጣቶች ሣልኩ።

ሐኪሙ፦ አየህ? አንተ ባትጠይቃቸው ኖሮ ወረቀቱ ታትሞ ሰው መድኃኒቱን ይሸሽ ነበር።

ነርሷ፦ ጽሑፉንስ ማን ጠይቆ ያትማል ዶክተር? ጽሑፉን ሰው በስህተት ሲረዳው ዝም ስለሚባል እንጂ።

ሐኪሙ፦ እሺ፣ በዚህ ረትተሽኛል። ሠዓሊው፣ አዲሱን አምጣውና ታካሚዎቼ ይዩት። ግን እኔ በሌለሁበት ይሁን፤ እኔ ፊት ሲሆኑ ሁሉም “ገባኝ” ነው የሚሉት። አንተም “ገባህ ወይ?” አትበል። ኢንሄለሩን አስጨብጠውና ሲጠቀም ያሳይህ።