ላና በማይክሮስኮፕ ይታየኛል፣ በዌስተርን ብሎት ግን የለም

የምሠራው ካፖሲ ሳርኮማን በሚያመጣው ሄርፐስ ቫይረስ፣ በኤችኤችቪ-8 ላይ ነው። የምፈልገው ፕሮቲን ላና (LANA) ነው፤ ቫይረሱ ሴሉ ውስጥ ተደብቆ ሲቆይ የሚያመርተው የኒውክለስ ፕሮቲን ነው። ሴሎቼ ቫይረሱን የተሸከሙት፣ ቢሲቢኤል-1 የሚባሉት የሊምፎማ ሴሎች ናቸው። ላናን የሚይዘው አንቲቦዲዬ ኤልኤን53 የሚባለው፣ ከራት (rat፣ ትልቁ አይጥ) የተገኘ ሞኖክሎናል ነው፤ እሱን የሚይዘው ሁለተኛው አንቲቦዲም ፀረ-ራት እንጂ ፀረ-ማውስ (mouse፣ ትንሹ አይጥ) አይደለም።

በኢሚውኖፍሎረሰንስ (አንቲቦዲው የያዘው ቦታ በሚያበራ ቀለም በማይክሮስኮፕ ሲታይ) ኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ነጠብጣቦች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ስለዚህ አንቲቦዲው ተበላሽቷል ለማለት ይከብደኛል። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖች በጄል በመጠን ተለይተው፣ ወደ ሜምብሬን ተላልፈው በአንቲቦዲ የሚፈለጉበት ዘዴ) ላይ ግን ባዶ ነው። ለማነጻጸሪያ የምጠቀምበት የሴሉ ፕሮቲን፣ አክቲን፣ በደንብ ይወጣል። ላና የሚታየው 220 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው፤ በጣም ትልቅ ነው። ጄሌ 10 በመቶ፣ ትራንስፈሩ (ከጄል ወደ ሜምብሬን ማስተላለፉ) ሰሚ-ድራይ፣ ማለትም በጥቂት ፈሳሽ፣ 30 ደቂቃ፣ ሜታኖሉ 20 በመቶ። አንቲቦዲውን ጨመርኩ፤ በ4 ዲግሪም አሳደርኩት። ለውጥ የለም።

የቀረኝ ናሙና ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮቲን ያስተላለፋችሁ፣ የትኛውን ላስቀድም፦ ጄሉን ወደ 6 በመቶ ማውረድ ወይስ ትራንስፈሩን ሌሊቱን ወደሚያድር እርጥብ መቀየር?